ያላበጠ ፊት

ሰው ሁሉ ወንድሜን ንብ ገደለው ይላል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው የተስማማበትን ስቃወም ስለኖርኩ፣ አይደለም ብል የሚሰማኝ የለም። የተለመደው አመሉ ነው ይሉኛል።

ታናሼ ነበር። እኔ ሚዛን ተፈሪ ተቀምጬ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ እሱ ከሸዋ ቤንች ወዲያ ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅል ነበር። ጫፉ ከታች የማይታይ የቀረሮ ዛፍ ላይ በገመድ ይወጣል፤ ንቡን በጭስ አባርሮ ማሩን ቆርጦ ይወርዳል። አምና ንብ ነድፎት ፊቱ አበጠና ዓይኑ አልገለጥ አለ። መድኃኒት ቤት ወስጄው ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን የአለርጂ ክኒን ገዛን። ባለሙያዋ "እንቅልፍ ያመጣል፤ ማታ አንድ ብቻ" አለችው። እብጠቱ ሲጎድል ክኒኑን ወደደው። ከዚያ ወዲያ ገና ሳይነደፍ፣ ዛፍ ሊወጣ ሲል መዋጥ ጀመረ።

"አራት?" አልኩት አንድ ቀን መዳፉ ላይ አይቼ።

"አንዱ ለፊቴ፣ አንዱ ለአንገቴ፣ ሁለቱ ለእጆቼ።"

"ክኒኖቹ ይህን ድልድል ያውቃሉ?"

"ጋሼ፣ አንተ ዛፍ የወጣኸው መጽሐፍ ላይ ነው፤ ተወኝ።"

"እንቅልፉስ?"

ሚስቱ ሳቀች። "ሲያዛጋ ቡና እሰጠዋለሁ።"

ባለፈው የማር ወቅት ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣ። የሆነውን የነገረኝ ከታች ገመዱን የያዘው ጎረቤቱ ነው። ቀፎው ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ቢጠራው "እ" አለ፣ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው። ግንባሩን ግንዱ ላይ አስደገፈ። ደግሞ ሲጠራው እጁ ለቀቀ። ሲወድቅም አልጮኸም። ንብ ከቀፎው ሲወጣም አላየሁም አለኝ።

ሲገነዝ አየሁት። ፊቱ ላይ አንድ የተነደፈ ቦታ የለም።

ድንኳኑ ውስጥ ጎረቤቱ ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለ። "አዩት ጋሼ? ንቡ ቢጥለውም ምንም አላበጠም። መድኃኒቱስ ደህና ነበር።" ከዚያ የወንድሜን ሚስት የተረፈ ክኒን እንዳለ ጠየቃት። ክፋት አልነበረበትም፤ የወንድሜ ማር ዛፍ ላይ ቀርቷልና ለልጆቹ ሊያወርድላቸው ነው።

"አትስጪው" አልኩ።

"ጋሼ ለቅሶ ላይም ይከራከራል" አለ አንዱ።

ክኒኑ ዛፍ ላይ እንዳስተኛው ነገርኳቸው። ጎረቤቱ ትከሻውን ሰበቀ። የወንድሜ ሚስት ግን ዓይኗን ከኔ አላነሳችም።

"ክኒኑን የሚውጥበትን ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ" አለች።

ስንት ክርክር አሸንፌአለሁ። ያን ቀን ግን ተሳስተሃል ብሎ የሚረታኝ ሰው ብለምን አላገኘሁም። ተነስታ የቀረውን ክኒን እሳት ውስጥ ጣለችው።

ጎረቤቱ ከቀናት በኋላ ያለ ክኒን ወጥቶ ማሩን አወረደ። ደጃፏ ላይ ሲያስረክባት እጁ ዳቦ አክሎ ነበር። ያበጠውን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ምነው እሱም እንዲህ አብጦ በወረደልኝ" አለች።