የዘንዶው እሳት ስንት ይቀንሳል?

ያን ጨዋታ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። የምጸየፈው ጨዋታውን አይደለም፤ ራሴን ነው።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ኮሌጅ ስንማር አንድ የውጭ አገር መምህራችን ወደ አገሩ ሲመለስ የጨዋታ መጽሐፍ ትቶልን ሄደ። ተረት በዳይስ የሚጫወቱበት ነው። ተጫዋቹ አንድ ጀግና ፈጥሮ በደብተር ይጽፈዋል፤ መሪው ደግሞ ዘንዶም ጠንቋይም እየሆነ ይገጥመዋል። አምስት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካ ሥር፣ በሉዶ ዳይስ እንጫወት ነበር። መሪያችን የክፍላችን የወጣት ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል!

አልጋው ከአልጋዬ አጠገብ የነበረው ጓደኛዬ የዘጌ ታንኳ ቀዛፊ ፈጠረ። ዓመቱን ሙሉ ሲያሳድገው ከረመ። ጀግና ከሞተ ደብተሩ ይቀደዳል፤ ሕጉ ነው።

አንድ ቅዳሜ ዘንዶው እሳት ተፋበት። የእሳት ሕጉ ቀላል ነው፤ ሦስት ዳይስ ይጣልና የወጣው ቁጥር ከጀግናው የነፍስ ነጥብ ይቀነሳል፤ ነጥቡ ካለቀ ሞተ ማለት ነው። ውኃ ውስጥ የዘለለ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚነካው። ቀዛፊው አሥር ነፍስ ነበረው። አሥራ ሁለት ወጣ።

«ጣና ውስጥ ዘልያለሁ፤ ስድስት ነው» አለና ጓደኛዬ የመጽሐፉን ገጽ ገልጦ ለመሪው አሳየው።

መሪው እንግሊዝኛው አልገባውም፤ ፊቱ ጠቆረ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» ሲል ሳቅንለት። «እሳት ውኃ ላይም ይነድዳል። መጽሐፉ የኢምፔሪያሊስት ነው። ለጓዶች ድምፅ ይቅረብ። ቀዛፊው ተቃጥሏል የምትሉ?»

ወይ ጉድ! በተረት እሳት ላይ ድምፅ! ያኔ ነበር መሳቅ። አንዱ እጁን አነሣ፣ ሌላውም ተከተለ። ስድስት መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ያን ገጽ ከጓደኛዬ ጋር በመዝገበ ቃላት የተረጎምሁት እኔው ነኝ። ግን በየስብሰባው እንደለመድሁት ግራ ቀኜን አየሁና አነሣሁ። ቱ! ባላነሣ የሚያሳስረኝ ነገር አልነበረ፣ ከኮሌጅ የሚያስባርረኝ አልነበረ።

መሪው በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

አራተኛው ማን ነው ብዬ ዞር አልሁ። ጓደኛዬ ራሱ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ እጁን አንሥቷል።