ስፖንጅ አይናገርም

መጀመሪያ የጎደሉት ፊደላት ናቸው። ኡራኤል አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ኪቦርድ ሳላይ ነው የምተይበው። የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቀና ስል ስክሪኑ ላይ ያሉት ቃላት ግማሽ ግማሽ ናቸው። ቀኝ እጄ የነካቸው ፊደላት አሉ፤ በግራ እጄ መነካት የነበረባቸው የሉም። ግራ እጄን አየሁት። ጭኔ ላይ ተጋድሟል። መቼ እንደወረደ አላወቅኩም።

ብርድ ነው አልኩ። ለማንም ሳልናገር ካዛንቺስ ቤቴ ገባሁ። ቅባት ተቀባሁና በነጠላ ጠቅልዬው ተኛሁ። ጠዋት ግራ እግሬም እምቢ አለኝ። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሙሉ ጮኸች።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ዛሬ ጠዋት» አልኩት። ዋሸሁ። እጄ እንደከዳኝ እያየሁ ተኛሁ ማለት አሳፈረኝ።

«ኧረ ማታም እጇን ጠቅልላ ነበር!» አለች ሙሉ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ከተሰጠ ግን ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። እህትዎ ባይናገሩ ኖሮ ልንጎዳዎት እንችል ነበር።»

ሲቲ ስካኑ ኢስኬሚክ ስትሮክ መሆኑን አሳየ። በቀኝ በኩል አንድ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቷል። የግፊት ክኒኔን ካቆምኩ ሰንብቼ ነበር። እሱንም የነገርኩት ሰው አልነበረም።

እግሬ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እጄ አልተመለሰም። ከሆስፒታል ስወጣ ለግቢው ሰው ሁሉ «ወለም ብሎኝ ነው» አልኩና እጄን ነጠላ ውስጥ ደበቅኩ። የእኔና የእትዬ ዘሐራ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እትዬ ዘሐራ ከወሎ መጥተው ጨርቅ በመነገድ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ እንኳን የሰው ሕመም የድመት ሳል አያመልጣቸውም። እሳቸውንም ያታለልኩ መሰለኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ እቤት የምጨምቀው ስፖንጅ ሰጠችኝ። በየቀጠሮው «ትጨምቂያለሽ?» ትለኛለች፤ በየቀጠሮው «አዎ» እላታለሁ። አንድ ቀን ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካክታ ፈገግ አለች።

«ስፖንጅ አይናገርም፤ ስለዚህ ትዋሺኛለሽ» አለችኝ። «የሚናገር ነገር ያዢ። ዩኩሌሌ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ጊታር ቢወልድ ልጁን የሚያህል ነገር ነው፤ አራት የናይለን ክር አለው፤ ለደከመ ጣት አይከብድም። ሙሉ ገዝታ ስታመጣልኝ «በዚህ ዕድሜሽ አዝማሪ ልትሆኚ ነው በቃ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ የልጅ መጫወቻ የሚመስል ነገር አቅፌ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ስቀመጥ፣ ሰው እንዳያየኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ድምፅ በግድግዳ እንደሚያልፍ ረስቼ አይደለም፤ ሬዲዮ ነው ይላሉ ብዬ ነው።

ኮርድ የሚሉት የጣት አያያዝ አለ፤ የመጀመሪያው፣ ሲ የሚባለው፣ አንድ ጣት ብቻ ይፈልጋል። ያቺን አንድ ጣት ክሩ ላይ ለማቆም ሳምንት ፈጀሁ። ኤፍ ሁለት ጣት ነው፤ ጂ ደግሞ ሦስት፣ እዚያ ላይ ስደርስ የቀለበት ጣቴ ሁልጊዜ ይዘገይና ድምፁ ይታፈናል። ቢሆንም በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ተቀምጬ፣ ከሲ ወደ ኤፍ፣ ከኤፍ ወደ ጂ፣ ተመልሼ ደግሞ ከመጀመሪያው፣ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ስሞክር፣ ስፖንጁ ያላደረገውን ክሩ አደረገው፤ ጣቶቼ አንድ በአንድ ይነቁ ጀመር። ሲሻለኝ ደፈርኩና በሦስት ኮርድ የሚያልቅ የሰርግ ዘፈን ያዝኩ። በዚያው ሰሞን እትዬ ዘሐራ ቤት እንግዳ በዛ። ሙሉን ስጠይቃት «የዱዓ እንግዶች ናቸው» አለችኝ። እትዬ ዘሐራን በር ላይ ሳገኛቸው ዓይናቸው ቀልቷል። ጉንፋን ነው አሉኝ። እኔም እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ይማርዎ ብያቸው ገባሁና ሰርጌን ቀጠልኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐኪሙ ግፊቴን ለክቶ «አሁን ተረጋግቷል» አለ። በማግስቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። የግቢው ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሙሉ ከኋላቸው አንገቷን ደፍታለች። በማለዳ እንዲህ የሚመጣው መርዶ ነው።

የእትዬ ዘሐራ ታናሽ እህት ሰዓዳ ሞታለች። ሰዓዳን አውቃታለሁ። እዚሁ ግቢ ኖራለች፤ ቡና ስንጠጣ የምታስቀን እሷ ነበረች። ኮምቦልቻ ነው ያረፈችው። ሁለት ወር ሊሆናት ነው።

«‹ጥሩዬ ታማለች፣ ግፊቷ ሳይረጋጋ ትደነግጣለች፣ እንዳትነግሯት› ያሉት እትዬ ዘሐራ ናቸው» አለች ሙሉ። ስትሮኬን ግቢው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ኖሯል።

ሁለት ወር። ቆጠርኩት። የሰርግ ዘፈኑ ነው። ጎረቤት ለቅሶ ሲቀመጥ ሬዲዮ እንኳ በሚዘጋበት አገር፣ እኔ በአንድ ግድግዳ ማዶ ሰርግ ስደግስ ነበር። እሳቸው እንዳልሰማ አፋቸውን ይዘው አለቀሱ። እኔ እንዳይሰሙኝ እንኳ አልተጠነቀቅኩም። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

እጄን በነጠላ ሳልሸፍን እትዬ ዘሐራ ቤት ገባሁ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«አብሽሪ፣ ጥሩዬ» አሉኝ፤ ግራ እጄን ያዙት። «እኔ እዚህ ግድግዳው ጋ ተቀምጬ እሰማሽ ነበር። ያቺን ሦስተኛዋን ትስቻታለሽ፤ በስመአብ ብለሽ ደግሞ ትጀምሪያለሽ። እኔን ያስደነገጠኝ ሐኪም ቤት ውለሽ ዝም ያልሽበት ቀን ነው። ይቺም ሄደች እንዴ አልኩ።»

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ እጁን ለሚደብቅ ሰው ነው። እጅ ከዛለ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ አትሹት፣ አትተኙበት፤ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። የጀመረበትን ሰዓት እውነቱን ተናገሩ። ክኒናችሁን አታቋርጡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ለጎረቤታችሁም ንገሩ። እኔ ሕመሜን ስለደበቅኳቸው እነሱ ሐዘናቸውን ደበቁኝ፤ ላስተዛዝን እንኳ አልደረስኩም። እጄ ከዳነ በኋላም ይህ ሀፍረት አልዳነም።

ለሐኪሙ፣ ለፊዚዮቴራፒስቷ፣ ላጋለጠችኝ እህቴ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ለእትዬ ዘሐራ ግን የሚበቃ ቃል አላገኘሁም። ከዚያ ጠዋት በኋላ ዩኩሌሌውን በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት፤ ለሰዓዳ ብዬ ከመርዶው ቀን ጀምሮ አርባ ቀን ላልነካው። በሦስተኛው ቀን፣ ዐሥር ሰዓት ሲያልፍ፣ ግድግዳው ተንኳኳ።

«ጥሩዬ! የዛሬውን መድኃኒትሽን አልወሰድሽም እኮ!»