ስኩች በ“ቲ” ነው ያለ “ቲ”?

ጦርነቱ ከውጫሌ አፈናቅሎን ሐይቅ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ተጠልለን ነበር። በአንዲት ክፍል ስንት ቤተሰብ እንደታጨቀ አትጠይቁኝ፤ ጎንህን ለማከክ የጎረቤትህ ፈቃድ ያስፈልግሃል። እኔ የደረሰኝ ቦታ በሁለት ሊቃውንት መሃል ነው። በቀኜ የእንግሊዝኛ መምህሩ፣ በግራዬ ዱባይ አሜሪካኖች ቤት ሾፌር የነበረው ሰኢድ።

አመሻሽ ላይ ዘሀራ የምትባል የሰፈራችን ሴት፣ ልጆቿን አስከትላ በሩ ላይ ቆመች።

“በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ትንሽ ጠጋ በሉልኝ።”

ሰኢድ መጠጋቱን ትቶ “ይሄን ‘ጠጋ በሉ’ የምንለውን አሜሪካኖቹ ‘ስኩች’ ነው የሚሉት” አለ።

መምህሩ ቀበል አድርጎ “ቃሉ እንኳ አለ፤ ግን የዱርዬ ቃል ነው። ለመሆኑ ስትጽፈው ‘ቲ’ ታስገባለህ?” አለው።

“ወላሂ አስገባለሁ!”

መምህሩ በእናቱ እንደተሰደበ ሰው ቱግ አለ። አገር እየነደደ እነሱ በአንድ ፊደል ሊደባደቡ ነው። ሴትዮዋ እንደቆመች ናት።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፈው ሊተማመኑ ተነሡ። እኔንም “አንተ ዳኘን” ብለው ጎትተው አስነሡኝ። መምህሩ ያለ “ቲ” ጻፈ፣ ሰኢድ በ“ቲ” ጻፈ፣ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ማንበብ አልችልም። “ሁለታችሁም ልክ ናችሁ” ብዬ ዞር ስል፣ ዘሀራና ልጆቿ ቦታችን ላይ ተጋድመዋል።

“ምነው ዘሀራ?” አልኳት።

“አብሽሩ” አለች ሻርፗን እየተከናነበች፣ “እናንተ እንግሊዝኛውን ጨርሱ፤ እኛ በአማርኛ ተጠግተናል።”