እትዬ ቀናበይ

የሰፈሩ ልጆች እትዬ ቀናበይ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የገዛ አፏ ነው። ፀጉር ቤቷ ገብታ ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ሴት አንገቷን በደፋች ቁጥር አገጯን በሁለት ጣት ነካ ታደርግና «ቀና በይ» ትላታለች። ሙሽራም ትሁን የዳኛ ሚስት፣ ቀና ሳትል ከዚያ ወንበር የተነሣች የለችም።

ፀጉር ቤቷ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የተለጠፈች አንዲት ክፍል ናት። ያለው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አንድ ነው፤ ሲሞቅ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ማበጠሪያዎቹ፣ ጥርሳቸው የረገፈውም ሳይቀር፣ በወተት ጣሳ ውስጥ ቆመዋል። ፀጉር የሚጠቀለልባቸው ቢጎዲኖች በየቀለማቸው ተለይተው በክር ተሰክተዋል። መስታወቱ ትልቅ ቢሆንም ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁን በሮዝ የጥፍር ቀለም ሞልታዋለች። ወፍጮው ሲነሣ መስታወቱ ይርገበገባል፤ ያን ጊዜ ሐሜቱም ለጥቂት ጊዜ ያርፋል።

እሷ ራሷ ከስምንተኛ ክፍል አልዘለቀችም። እናቷ ሲሞቱ ታናናሾቿን ለማሳደግ ማበጠሪያ ያዘች፤ በዚያው ቀረች። በዚህ አታለቅስም። የሚያበግናት ሌላ ነው። በየዓመቱ ከሰፈሩ ጎበዝ ሴቶች ልጆች ለኮሌጅ ይበቃሉ። ኮሌጁ ወጪያቸውን እንዲሸፍንላቸው ቃለ መጠይቅ ይቀርባሉ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ለራሳቸው እንኳ በማይሰማ ድምፅ መልሰው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከቤት የተማሩት ጨዋነት ይኸው ነው፤ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት አይታይም፣ ስለ ራስም አይወራም። እዚያ ደግሞ ይህንኑ ጨዋነት አለማወቅ ይሉታል።

ስለዚህ ለኮሌጅ ለምትዘጋጅ ልጅ ሁሉ ሹሩባ በነፃ ትሠራላታለች፤ የምታስከፍላት ወሬ ብቻ ነው። ልጅቷ መስታወቱ ውስጥ የራሷን ዓይን እያየች ስለ ራሷ ትናገራለች። ድምጿ ከወፍጮው በላይ ካልተሰማ እንደገና ትጀምራለች።

«ይቺ ሴትዮ የሰውን ልጆች ዓይን አውጣ ልታደርግ ነው» አለች አንድ ቀን ካስኩ ሥር የተቀመጠች ደንበኛ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማችም?»

«እህልም አይገባበትም» አለችና የካስኩን ሙቀት ትንሽ ጨመረችላት።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ የወፍጮ ቤቱ የጆንያ ተሸካሚው ልጅ ነበረች። ከቤታቸው የኮሌጅ ደጃፍ የረገጠ ሰው የለም። ፈተናውን አለፈች፤ ኮሌጁም ተቀበላት። የቀረው ወጪውን እንዲሸፍንላት ብቻ ነበር፤ ያለዚያ መግባቷ የማይታሰብ ነው። በቃለ መጠይቁ ቀን አንገቷን ሳትደፋ፣ ድምጿን ሳትሰብር፣ የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች። ከሳምንት በኋላ ግን ተከልክላ መጣች።

«ምን ብለሻቸው ነው?» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ።

«ቤተሰብሽ እንዴት ነው፣ የሚጎድላችሁ ነገር አለ ወይ አሉኝ።»

«እሺ፣ አንቺስ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም አልኳቸው።»

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ጣሳው ውስጥ መለሰች። «ቀና ብለሽ ነው እንደዚህ ያልሽው?»

«ቀና ብዬ ነዋ፣ እትዬ።»

«በደንብ አስተምሬሻለሁ ማለት ነው።» መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ኋላ ንዴቷ። ልጅቷ ላይ ግን ልትቆጣ አልቻለችም። እሷም ብትጠየቅ የምትመልሰው ይህንኑ ነው። በዚያ ሰፈር ባዳ ሰው ስለ ቤትህ ከጠየቀህ፣ ድስቱ ተደፍቶ ቢያድርም መልሱ አንድ ነው። ገመናውን ደጅ የሚያሰጣ የለም።

አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል ተባለ፤ ግን ወላጅ አብሮ መቅረብ አለበት። ፀጉር ሠሪዋ ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። አባትየው ባዶ ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ዱቄቱ እስከ ሽፋሽፍቱ ነጭ አድርጎታል።

«አልሄድም» አለ ገና ሳትጨርስ። «እህቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጆንያ ስሸከም ሰው ፊት እጄን ዘርግቼ አላውቅም። አሁን ከረባት ያሰረ ሁሉ ፊት ቆሜ ልጄን ማስተማር አቃተኝ ልበል?»

«አንተ አትበል፤ እኔ እላለሁ።»

«አንቺ ምኗ ነሽ?»

«ምኗም አይደለሁም። አንተ ግን አባቷ ነህና ከጎኗ ቁም። ጆንያ ስትሸከም የምትውል ሰውዬ፣ ትንሽ ዝም ብሎ መቆም ይከብድሃል?»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን ይላል ስንል ቦታዋን ሌላ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ሰው ለልጅህ የሚሰጣት ምን እንደሆነ ልንገርህ? ጆንያ።»

ሰውየው ተነሣና ሥራው ላይ ተጎነበሰ። እሷም የሚመጣ አልመሰላትም ነበር። በቀጠሮው ቀን ግን በተተኮሰ ኮት ኮሌጁ በር ላይ ቆሞ አገኙት። ፊቱን ደጋግሞ ታጥቧል፤ የጆሮው እጥፋት ውስጥ ግን ዱቄት ቀርቷል።

ጠባቧ ክፍል ውስጥ አንድ ሰብሳቢና ሁለት ሴቶች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ለባለጉዳይ የተዘጋጀው ወንበር ሁለት ስለሆነ ፀጉር ሠሪዋ ቆመች።

«እርስዎ የተማሪዋ ምኗ ነዎት?» አለ ሰብሳቢው።

«ፀጉር ሠሪዋ።»

አንደኛዋ ሴት ሳቋን በመዳፏ ያዘች።

«የሚገባው ቤተሰብ ብቻ ነው።»

«እንግዲህ ገብቻለሁ» አለች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈች፤ ከቦታዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ሰብሳቢው ወደ ልጅቷ ዞረ። «ባለፈው ምንም አልጎደለብንም ብለሻል። ዛሬ የለንም ብለሽ መጥተሻል። ውሸቱ የትኛው ነው?»

ፀጉር ሠሪዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። አባትየው የኮቱን ቁልፍ በጣቱ ሲያዞር አየችውና ቃሏን ዋጠች። ልጅቷ ቀድማ ተናገረች።

«ውሸት የለበትም። አባቴ አንድ ቀን አስርቦኝ አያውቅም። መጽሐፍ ስፈልግ የራሱን ምሳ ትቶ ገዝቶልኛል። ስለ እሱ ከሆነ የጠየቃችሁኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም፤ ነገም ብትጠይቁኝ መልሴ ይኸው ነው። ኮሌጃችሁ የሚጠይቀው ገንዘብ ግን ቤታችን የለም። ጉድለቱን ለአባቴ አትስጡት፤ ዋጋውን ያወጣው እሱ አይደለም።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ምንም መናገር እንደማያስፈልገው ቃል የተገባለት አባት ያኔ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ» አለ ሰብሳቢውን ትክ ብሎ እያየ። «ብዙ ነገር ተሸክሜያለሁ። ይህኛውን ግን ብቻዬን አልችለውም።»

ፀጉር ሠሪዋ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። ያን ቃል ለማውጣት ከኩንታል በላይ እንደከበደው ታውቃለች።

ውጭ ጠብቁ ተብለው ኮሪደሩ ላይ ቆዩ። ልጅቷ በጣቷ ጫፍ ከአባቷ ጆሮ ዱቄቱን ጠረገችለት። ሲጠሩ ተፈቅዶላታል ተባለ።

«ሌላ ጊዜ ግን፣ እመቤት፣» አለ ሰብሳቢው ፋይሉን እየዘጋ፣ «ዘመድ ያልሆነ ሰው እዚህ እንዳይገባ።»

«ለሚመጣው ዓመት ሁለት ልጆች አሉኝ» አለችው ፀጉር ሠሪዋ። «ለዘበኛው ከአሁኑ ይንገሩልኝ፤ በር ላይ መጨቃጨቅ አልወድም።»