የዓሣ ውሃ የተቀባው አንበሴ

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቱም ዳር ሶባ ላይ፣ የገዛ ጥላዋን ስታይ ይቅርታ ጠይቃ የምታልፍ ድመት አብራን ትኖር ነበር። ሐሪር ትባላለች። የድስት ክዳን ከወደቀ ሦስት ቤት አልፋ ነው የምትገኘው። የእኛም አልነበረችም፤ የእትዬ ዘሃራ ናት። እትዬ ዘሃራ የወሎ ሰው፣ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየች፣ አርካዊት የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች እዚያው የምታድር፣ ሐሙስ ማታ ብቻ ወደ ግቢያችን የምትመጣ ሴት ነበረች። ስትሄድ ድመቷን «አደራ» ብላ ለእናቴ ትሰጣታለች። እናቴ ደግሞ አደራ ከተባለች ዓባይን በእፍኟ ይዛ የምትጠብቅ ሴት ናት።

እኔ እንግዲህ በዚህ አደራ ላይ ቡችላ ይዤ ከተፍ አልኩ። አል-ሳሃፋ ሰፈር ካለ ባለሱቅ ለምኜ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ እሱ ባለቀሰ ቁጥር እኔ እየሳልኩ፣ ተሳፋሪው በሙሉ «መስኪና፣ ሳንባዋ አልቋል» እያለ እያዘነልኝ ሶባ ደረስን። ጆሮው ከሰውነቱ ይበልጥ ነበር፤ ነፋስ ቢመጣ ይዞት ይበራል። አንበሴ አልኩት።

ሐሪር አየችው። ከዚያ በኋላ መሬት አልረገጠችም። ቁም ሳጥን ላይ ወጥታ፣ ወተት ቢያቀርቡላት እምቢ፣ ጉበት ቢያቀርቡላት እምቢ። አንበሴ ከሥር ሆኖ ጭራውን እየቆላ ሲጮህባት ጀርባዋ እንደ ድልድይ ይቆለመማል። እናቴ ፍርዷን ሰጠች፦ «ሐሙስ ዘሃራ ስትመጣ ድመቷ ካልወረደች፣ ውሻሽን ይዘሽ ያላ፣ ወደ መጣበት!» ባለሱቁ ደግሞ መልሼ ባመጣው አስፋልት ላይ እንደሚለቀው አስቀድሞ ነግሮኛል። አንበሴ አስፋልት ላይ አንዲት ረክሻ፣ ያቺ ባለሦስት እግር ታክሲ፣ እስክታልፍ እንኳ የሚቆይ ፍጥረት አልነበረም።

ያኔ በግቢያችን ተረት የሚያወጉን አባባ አድማሱ ነበሩ፤ ጎጃም ከብት እየጠበቁ አድገው ካርቱም ላይ የሕንጻ ዘበኛ የሆኑ ሽማግሌ። ሲመሽ መብራት ይጠፋል፣ ፋኖስ ይለኮሳል፣ ለትንኝ የኒም ቅጠል ፍም ላይ ይጨመራል። ጭሱ ሲያስለቅሰን እሳቸው በተረታቸው ያለቀስን መስሏቸው ይበረታሉ። በዚያ ሳምንት፣ እኔን ለማስጨነቅ ይመስለኛል፣ የውሻና የድመትን አመጡ። አንበሳ ሥጋውን ለሁለቱ አደራ ሰጥቶ ውሃ ሊጠጣ ቢሄድ፣ ድመት ከውስጥ ውሻ ከውጭ በልተው በልተው አጥንቱ ብቻ ቀረ። ጌታው ሲመለስ እሷ እሱን ጠቆመች፣ እሱ እሷን። «እንግዲያው በአንድ ጣሪያ አትደሩ!» ብሎ ረገማቸው።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ይኸው ነው። እስከ ዛሬ።»

«መድኃኒት የለውም?»

አባባ አድማሱ ፍሙን ቆሰቆሱ። «ለላም አለው።» ጥጃዋ ለሞተባት ላም እናት የሌለውን ጥጃ አምጥተው ጀርባው ላይ ጨው ይነሰንሱበታል፤ ላሟ ጨው ብላ ስትልስ፣ ምላሷ አንዴ ከነካው በቃ፣ ልጇ ነው። የድመት ጨው ደግሞ ዓሣ ነው አሉ።

«አባባ፣ ድመትና ላም አንድ ናቸው?» አለች እናቴ።

«ምላስ ምላስ ነው፣ አንቺ ሴት!»

ሐሙስ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዓሣ ጭንቅላት ቀቅለን፣ ውሃውን አብርደን፣ አንበሴን ከጆሮው እስከ ጭራው አጠብነው። ሽታው በእግሩ የሚሄድ ነበር። ሐሪር ቁም ሳጥኑ ላይ አፍንጫዋን አነሳች። አንድ እግሯን ወደ ታች ዘረጋች። ትንፋሻችንን ዋጥን። አባባ አድማሱ «ዝም! ዝም በሉ!» እያሉ ከሁላችንም በላይ ይጮኻሉ።

ያኔ ግንቡ ላይ ጆሮው የተቆረጠ ቀይ ድመት ታየ። ከኋላው ሌላ። ከዚያ የሶባ ድመት በሙሉ፤ ከአርካዊት በሚኒባስ ተሳፍሮ የመጣም አይጠፋም። ላሚቱ በረት ተዘግቶባት ብቻዋን ነው የምትልሰው፤ ዓሣ ግን ጎረቤት እንደሚጠራ ለጎጃም እረኛ ማን ይንገረው?

አንበሴ ስሙን ረስቶ በእግሮቼ መሃል ሾለከና አልጋ ሥር ገባ። ቀዩ እስከ ደፋችን ተከተለው። ሐሪር ይኼኔ ዘለለች፤ ወደ አንበሴ አይደለም፣ ወደ ተከፈተው በር!

«በሩን!» አለች እናቴ። እግሬ ከመሬት ተሰፋ። ሐሪር ደፉ ላይ ከቀዩ ጋር ተፋጠጠች፣ ተገለበጠች፣ እሷም አልጋ ሥር ገባች። እናቴ በመጥረጊያ ድመቶቹን አባርራ ሳትጨርስ እትዬ ዘሃራ ከነዘንቢሏ ብቅ አለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም! ሐሪሬስ?»

እናቴ መጥረጊያዋን ከኋላዋ ደበቀች።

«ምነው? ሞተች?»

አባባ አድማሱ ፋኖሱን ይዘው ተንበረከኩ። ከአልጋው ሥር ጩኸት የለ፣ ጉርምርምታ የለ። ያስፈራኝ ዝምታው ነው፤ ተያይዘው ያለቁ መሰለኝ። ብርሃኑ ጥጉ ጋ ሲደርስ አንበሴ ተኮራምቷል፣ ሐሪር ላዩ ላይ ተለጥፋለች፤ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ በሩን ያያሉ። ምላሷ ጆሮው ላይ ነበር። ከፍርሃት ይሁን ለዓሣው እሷ ታውቃለች።

«አላልኩም? ምላስ!» አሉ አባባ አድማሱ፣ ከተንበረከኩበት መነሳት አቅቷቸው።

እትዬ ዘሃራ አፍንጫዋን ይዛ ብዙ አየቻቸው። «ይኑር» አለች በመጨረሻ። «ወደ እኔ ክፍል እንዳይገባ ብቻ። እጠቢው ደግሞ፤ ወላሂ ይገማል!»

ከዚያ ወዲያ አባባ አድማሱ የተረቱን መጨረሻ ለወጡት። አንድ ቀን አንበሳውም የሚፈራው ነገር መጣና ሦስቱም አንድ ጉድጓድ ገቡ ይላሉ። «አንበሳ ምን ይፈራል?» ስንላቸው ወደ ግቢው በር አየት አድርገው «ከሻ» ይሉናል፤ ፖሊስ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሁሉ በመኪና የሚጭንበትን አፈሳ። ያኔ እንስቅ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሻ ወደ መንደራችን መጣ። በውሃ ተራ ተጣልተው የማይነጋገሩ ጎረቤቶች ሳይቀሩ እኛ ክፍል ታፍገን፣ እናቴ የእትዬ ዘሃራን እጅ ይዛ፣ የማን ልብ እንደሚመታ ሳይለይ ቆምን። የመኪናው ድምፅ በራችን ላይ ሲደርስ አንበሴ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ሐሪር ጠጋ አለችና ጆሮውን ላሰችው፤ ዝም አለ። መኪናውም አለፈ።

ብዙ ተረት ሰምቼ ብዙውን ረስቻለሁ። ይኼኛው አልወጣ ያለኝ፣ በዚያ ዓርብ ሐሪር ስትልሰው ቤታችን ውስጥ ዓሣ ስላልነበረ ነው።