ኤሊሴዎን የነካሁ ቀን

ይቅርታ አድርጉልኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ የምጽፈውም የሚያኮራ ነገር አይደለም። የጤና ጣቢያችን ነርስ ለእናቶች ላንብበው፣ ጻፊልኝ ስላለችኝ ነው። ሰው ፊት ቆሜ ከምናገር ይሄ ይሻለኛል።

ኤርሊንዳ እባላለሁ። እዚህ ኦላንቾ አውራጃ፣ ወንዙ ዳር ባለው ሰፈር፣ የበቆሎ ቂጣ እየጋገርኩ በየቤቱ አደርሳለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። አልወለድኩም። ልጄን ያዥልኝ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔም ስጡኝ አልልም። ቂጣዬን በር ላይ ሰጥቼ እመለሳለሁ።

ባለፈው ክረምት የደንበኛዬ የዶኛ ቶማሳ ልጅ ኒዲያ ወንድ ልጅ ወለደች። ኤሊሴዎ አሉት። እኔ የነካሁት ዕለት ሃያ ቀኑ ነበር። እኔ ደግሞ ጉንፋን ከያዘኝ ሦስተኛ ቀኔ። ለደንበኞቼ የምድጃው ጭስ ነው እላለሁ፤ ከምታስነጥስ ሴት ማን ቂጣ ይገዛል።

ቂጣ ላደርስ ስሄድ በራቸው ክፍት ነበር። ኒዲያ ልጁን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሳላስበው፣ "እንዴት ያምራል" አልኩ።

"በይ እንግዲህ ንኪው" አሉ ዶኛ ቶማሳ። እኛ ዘንድ ልጅ አድንቆ ሳይነኩ መሄድ ነውር ነው። ዓይን ይበላዋል ይባላል።

"ኧረ እጄ ሊጥ ነው፣ ዶኛ ቶማሳ።"

"ሊጥ ልጅ ገድሎ ያውቃል? ወይስ ዓይንሽን ጥለሽበት ልትሄጂ ነው?"

ኒዲያ ሳቀች። "ተያት እማ። ኤርሊንዳ እኮ ከልጅ ይልቅ ምድጃዋን ነው የምትወደው።"

ያኔ ጉንፋን ይዞኛል ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ዝም ያሰኘኝ ሐፍረት ብቻ አይደለም። ልጁን መንካት ፈለግሁ። ገብቼ ጉንጩን ዳበስኩት፤ ግንባሩን ሳምኩት። ጣቴን ጨብጦ ወደ አፉ ወሰዳት። አልነጠቅሁትም።

በአምስተኛው ቀን ስሄድ ልጁ ጡት እምቢ ብሏል። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል፤ አፍንጫው ይርገበገባል። ዶኛ ቶማሳ ገላውን በእንቁላል አሽተው፣ እንቁላሉን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሰብረው፣ "ይኸው፣ ዓይን ነው" ይላሉ። ጎረቤታቸውን ዶኛ ፔትሮናን አስጠርተዋል፤ ሰኞ ዕለት በመንገድ ሲያልፉ ልጁን አይተው ሳይነኩት ሄደዋል ተብሎ።

"በልተሽው ስታበቂ ልትነኪው መጣሽ?" አሏቸው ዶኛ ቶማሳ፣ ገና ሲገቡ።

"እኔ እንኳን ልጁን ቤትሽንም አላየሁ" አሉ ዶኛ ፔትሮና። "ዓይኔን ሞራ ከያዘው ሁለት ዓመት አለፈ። በዚህ ዓይን ሰው የምበላ ቢሆን አንቺን ነበር የማስቀድመው፤ ሰፋ ትያለሽ።"

እንዲያም ሆኖ በእጃቸው ፈልገው ልጁን ዳበሱት።

"አሁን ይለቀዋል" አሉ ዶኛ ቶማሳ። "እስከ ነገ እንየው።"

እኔ የልጁን ደረት እያየሁ ቆሜያለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን ይህ ደረት እስከ ነገ የሚቆይ አልመሰለኝም።

"ዓይን አይደለም" አልኩ። ድምፄ አልሰማ ሲላቸው ደገምኩት። "እኔ ነኝ። የነካሁት ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ደብቄያችሁ ነው። ነገ አትበሉ፤ አሁኑኑ ውሰዱት።"

ኒዲያ አንድ ጊዜ አየችኝ። ልጁን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች፤ ጎረቤት በመኪናው ሆስፒታል አደረሳቸው።

ነርሷ ኋላ እንደነገረችኝ ነገሩ ቫይረስ ነው። እኛን ንፍጥ በንፍጥ አድርጎ ይተወናል፤ አራስ ልጅ ሲያገኝ ግን ሳንባው ድረስ ይወርዳል። "የሚያስለው ሰው ከበር ይመለስ፤ ጤነኛውም እጁን ታጥቦ ይንካ" አለችኝ። ከማን እንደያዘው በእርግጥ አይታወቅም ብላም አጽናናችኝ። እኔ ግን የጣቴን ነገር አውቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ምድጃዬን አልለኮስኩም። ሆስፒታሉ ድረስ በእግሬ ሄጄ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ዶኛ ቶማሳ አዩኝና ከበሩ ወጡ።

"ኦክስጅን ላይ ነው" አሉ። "ሲነጋ ትንሽ ጠብቷል።" ይቅር አላሉኝም። ብቻ፣ "ነይ ወዲህ፣ መኪና ይገጭሻል" አሉ።

"አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል" አልኳቸው። ልጆቻቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት እናቶች እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። "ጉንፋን ይዞኛል።"