ማመሳከሪያው

አንድ መሥሪያ ቤት የማኅደሮችን ዋናና ቅጂ የሚያመሳክርበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቤታቸው ሊፈርስ የተቃረበውን የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጎረቤቴን እትዬ አሰለፈችን ለምትክ ቤት ወደዚያው መሥሪያ ቤት ይዣቸው ብሄድ፣ ኮምፒውተሩ «አይመሳሰልም» አለ። ከፊታችን የተሰለፈውም ሁሉ እንዲሁ ተመልሷል።

የማኅደራቸውን ዋናና ቅጂ አየኋቸው፤ አንድ ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የዋናውን መለያ ቁጥር እንደ ፊደል፣ የቅጂውን እንደ ቁጥር እንዲያነብ አድርጌዋለሁ፤ ፓይተን ደግሞ ይዘቱ አንድ ቢሆንም ፊደልንና ቁጥርን እኩል ናቸው አይልም።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁኑኑ ላስተካክለው» አልኩት ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠውን ሠራተኛ።

«የጻፍከው አንተ መሆንህን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጣ።»

«ተው ልጄ፣ አትጣላቸው» አሉኝ እትዬ አሰለፈች በፍርሃት።

ሦስት ቀን ተመላልሼ ደብዳቤውን ከዚያው መሥሪያ ቤት አስጻፍኩና ከነቅጂው ሰጠሁት። ሠራተኛው ሁለቱን ኮምፒውተሩ ላይ አመሳከራቸው።

«አይመሳሰልም» አለኝ።